አምስት ሴቶችና አንድ አበባ

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች ፍላሽ።

አጎቷ የቴምብሩን ናሙና ገና ከእንቁላሉ የወጣ ጫጩት ይመስል በሁለት መዳፉ አቅፎታል። ቀና ብሎ አያት።

«እንዴት ማናት? አያትሽ ናታ! መነጽር ሳያስፈልግሽ አልቀረም።»

«የኔ አያት አይደለችም።»

«የኔ እናት ከሆነች ያንቺ አያት ናት። ለዚህ ካልኩሌተር አያስፈልግም።»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሳቅ አለች። ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ናሙናውን እሷም ገና በቅጡ አላየችውም ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ተነስታ መጣች። ሦስቱም በጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ።

ናሙናው ቴምብሩን የመጽሐፍ ገጽ አሳክሎ የሚያሳይ ወፍራም ወረቀት ነው። በላዩ ላይ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ወጣት ተቀምጣለች። ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራል። ሽፋሽፍቶቿ ርግብ ቢያርፍባቸው የሚሸከሙ ናቸው። ጥርሶቿ አንድም ሳይጎድሉ ሰልፍ ወጥተዋል። በአንድ እጇ የአውቶቡሱን መሪ የያዘችው ትኩስ ሳህን እንደሚያነሳ ሰው በጣቶቿ ጫፍ ነው፤ ሌላው እጇ ማርሹ ላይ ነው። ከሥሯ «የመጀመሪያዋ ሴት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር» ይላል።

ፎቶውን ያነሳችው ፍላሽ ናት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቅጽል ስሟንም ያገኘችው በዚያው ሰሞን ያገኘችውን ሰው ሁሉ በስልክ መብራት ዓይኑን ስታጠፋ ነው። አያቷ ጡረታ የምትወጣበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ፍላሽ በአውቶቡሱ የፊት በር ደረጃ ላይ ቆማ «አያቴ፣ እዪኝ!» ስትላት አያቷ ማርሹን እንደጨበጠች ዞር ብላ ሳቀች፤ ያ ሳቅ ነው የተነሳው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖረ ፊት። በሽቦ የተጠገነ መነጽር። ከላይ የጎደለ አንድ ጥርስ። ከግራ ጉንጯ ተነስቶ እስከ አገጯ የሚወርድ፣ የተጨማደደ ጨርቅ የመሰለ የእሳት ጠባሳ። ዳገት ላይ የፈላ ራዲያተር ስትከፍት ያገኛት ነው። ሰው ሲጠይቃት «ራዲያተር ሳመኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወንድ አላማረኝም» ትል ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዘጠኝ ቁጥር መስመር ላይ ስለነዳች ከተማው ሁሉ የሚያውቃት እማማ ዘጠኝ በሚል ስም ነው። ከጡረታ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ኖረች። ስትሞት የአውቶቡስ ጣቢያው ሰዎች የፍላሽን ፎቶ አሳትመው በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ሰቀሉት። የስድስት ታላላቅ ሴቶችን ቴምብር የሚመርጠው ኮሚቴ፣ ማለትም ስድስት ወንዶችና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ አንዲት ጸሐፊ፣ ያየው እዚያ ነው።

«ፏ ብላለች እኮ!» አለ አጎቷ። «ንጉሥ ነው የሚያስመስላት።»

«ንግሥት» አለች እናቷ።

«እሱንም። ደብዳቤውን ላንብብላችሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ለአቶ ፎቶ አንሺ...»

«አቶ ማን?» አለች ፍላሽ።

«ተይ አታቋርጪ። ‹ፎቶግራፉ የእርስዎ በመሆኑ፣ ቴምብሩ ከመታተሙ በፊት እስከ አርብ ቀትር ድረስ ቀርበው ናሙናውን እንዲያጸድቁ በአክብሮት እንጠይቃለን። ባለ ፎቶው ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንደሆነ ወላጅ አብሮ ይፈርማል። ፊርማው ካልተሟላ ስድስተኛው ቦታ በተጠባባቂው ሥዕል ይሸፈናል። ተጠባባቂ ሥዕል፦ አበባ።›»

«አበባ?» አለች እናቷ።

«አበባ። ምን አበባ እንደሆነ አይልም።»

ፍላሽ ናሙናውን ሳበችው። «ጠባሳዋ የታለ? ጥርሷስ? መነጽሯስ? ማርሹን ደግሞ በግራ እጇ ነው የያዘችው። ገልብጠዋታል!»

«እና ምን ይሁን?» አለ አጎቷ። «እድሜ ልኳን ስትለፋ ኖራ፣ አንድ ቀን ቢያሳምሯት ምን አለበት? እኔ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ነግሬአለሁ። ፍሬሙን እንኳ አሠርቻለሁ። ፈርሚና እንገላገል። እናቴን በአበባ ልታስቀይሪያት ነው?»

ፍላሽ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ግን ተመልሳ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳለች። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳተች። «ሰው ሲሰጥሽ ተቀበይ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እንቢ ያለ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።»

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ፍላሽ ናሙናውን ለጓደኛዋ ለሬዲዮ አሳየቻት። ሬዲዮ ይህን ስም ያገኘችው የሰማችውን ሁሉ ሳይውል ሳያድር ስለምታሰራጭ ነው። ቴምብሩን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይኔ! ፊልተር አርገውባታል!»

«በቃ ይኸው ነው ያልኩት።»

«እና ምን ችግር አለው? አንቺስ ባለፈው የለጠፍሽው ፎቶ ላይ አራት ብጉር አላጠፋሽም? እኔ አጠገብሽ ነበርኩ። ቆጥሬአለሁ።»

ፍላሽ ጉንጯን በጣቷ ነካች። እውነት ነው፤ አራት ነበሩ። አምስተኛውንም አጥፍታለች፤ ሬዲዮ አላየችውም እንጂ።

«አቦ ፋራ አትሁኚ» አለች ሬዲዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አያቴ ቴምብር ላይ ናት ብሎ ለመናገር የታደለው ማነው? የኔ አያት የወጣው የዕድር መዝገብ ላይ ብቻ ነው።»

«ብጉሬን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ፍላሽ። «የራሴን። እሷን ማን ጠየቃት?»

«ሞታለች እኮ።»

«ለዛ ነዋ!»

ደወል ተደወለ። ሬዲዮ ናሙናውን መለሰችላትና ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ ብሆን እፈርም ነበር» አለች። ከዚያ ትንሽ ሄድ ብላ ዞረች። «ግን እውነትሽን ነው፤ ጥርሷ ያስፈራል። ሠላሳ ሁለት ጥርስ ያለው ሹፌር አይቼ አላውቅም።»

አርብ ጠዋት እናትና ልጅ ወደ ፖስታ ቤቱ ለመሄድ አውቶቡስ ያዙ። እናቷ ለእንግዳ የሚለበሰውን ጃኬቷን ለብሳለች፤ በቦርሳዋ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ይዛለች፣ አንዱ ቢደርቅ ብላ። ፍላሽ በመስኮት ታያለች። መፈረም እንደማትፈልግ ነግራታለች። እናቷም «እዛ ደርሰን እናያለን» ብላታለች። በወላጅ ቋንቋ ይህ «ትፈርሚያለሽ» ማለት ነው።

ሦስት ፌርማታ ከሄዱ በኋላ እናቷ በድንገት ተናገረች።

«አምስተኛ ክፍል ሆኜ የወላጆች ቀን ነበር።»

ፍላሽ ዞረች።

«አያትሽን እንዳትመጪ አልኳት። ልጆቹ ጠባሳሽን አይተው ይስቁብኛል አልኳት። የሥራ ኮፍያሽን አድርገሽ ደግሞ እንዳትመጪ፣ አልኳት። ብቻ ብዙ አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«‹እሺ እናቴ› አለችኝ። በቃ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ከበሩ ማዶ ቆሟል። የምሳ እረፍቷ ነው። ሳትወርድ፣ መሪው ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ የወጣውን ወላጅ ሁሉ ታያለች። ሳየኝ እጇን አላነሳችም፤ እንዳላፍር ብላ።» እናቷ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነገር የምትፈልግ መሰለች፤ ያገኘችው ነገር የለም፤ መልሳ ዘጋችው። «እና ይኼን ቴምብር ሳይ... ምን ልበልሽ። እነሱ ከማጥፋታቸው በፊት እኔ አጥፍቻታለሁ።»

ፍላሽ ከመስኮቱ ወደ እሷ ተጠጋች። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ለማን ነው የሚነገረው?» አለች እናቷ። «ውረጂ፣ ደርሰናል።»

የቴምብር ክፍል በፖስታ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ማጣበቂያና ቀለም ይሸታል። በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በመስታወት ሥር ቴምብሮች ተደርድረዋል፦ ድልድይ፣ ግድብ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ወፍ፣ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ ብዙ ጢም ያላቸው ሰዎች። ፍላሽ ሴት ፈለገች። አንዲት አገኘች፤ ላም ነበረች።

የክፍሉ ኃላፊ ከወንበሩ ተነስቶ የእናቷን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከኪሱ አጉሊ መነጽር፣ ከደረት ኪሱ ደግሞ ወረንጦ ብቅ ብሏል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ፎቶ አንሺው አልመጡም?»

«እኔ ነኝ» አለች ፍላሽ።

ኃላፊው ከኋላዋ ሌላ ሰው ካለ ብሎ አየ። «የሳቸው ልጅ ነሽ ማለት ነው?»

«አይ፤ እሳቸው እኔ ነኝ።»

በጥጉ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ሰዓሊ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ኃላፊው አንድ ቅጽ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ። ታዳጊዎችን እናበረታታለን። እንግዲህ እዚህ ጋ አንቺ፣ እዚህ ጋ እናት፤ ከዚያ ሻይ እንጋብዛችሁና...»

«ስህተት አለበት» አለች ፍላሽ።

«ምን ስህተት?»

«ተገልብጧል። ማርሹን በግራ እጇ ይዛለች። እንዲህ ከሆነ መሪው ያለው በተሳፋሪው በር በኩል ነው።»

ኃላፊው አጉሊ መነጽሩን መዘዘ። ናሙናው ላይ አፍንጫው እስኪነካ ጎነበሰ። ቀስ በቀስ ከጆሮው ጫፍ ጀምሮ ቀላ።

«ለምን ተገለበጠ?» አለ ወደ ሰዓሊዋ ዞሮ።

«እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ። ‹ፊቷ ጥጉ ላይ ወዳለው የቴምብሩ ዋጋ ቁጥር ይዙር፤ ሰው ለዋጋው ጀርባውን አይሰጥም› ብለው።»

«መሪው አብሮ እንደሚዞር መቼ ነገርሽኝ!» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ዓለም ሊስቅብን ነበር። ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አታውቁም! አንድ ጊዜ የወፍ ጣት አንሶ ታትሞ ከአርባ አገር ደብዳቤ መጥቷል። ቶሎ መልሺው! ቁጥሩን ወደዚያኛው ጥግ ውሰጂው!»

ሰዓሊዋ አንድ ቁልፍ ነካች። አውቶቡሱ ዞረ። መሪው ወደ ቦታው ተመለሰ። አሥር ሴኮንድ አልፈጀም።

«እንዲህ ነው» አለ ኃላፊው እፎይ ብሎ። «ትክክለኛነት ማለት ይኼ ነው።»

ሰዓሊዋ ሥዕሉን በኮምፒውተሩ ማያ ላይ አጉልታ አየች። «እዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ስንጥቅ አለ። በፕላስተር ታሽጓል። ላጥፋው እንዴ?»

«እንዳትነኪው!» ኃላፊው እጁን ዘረጋ። «ይህ የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ምስክር ነው። ታሪክ ነው! ታሪክ አይለሰንም!»

ፍላሽ ማያው ላይ ወዳለው ፊት ጣቷን ቀሰረች።

«ጠባሳዋስ?» አለች ፍላሽ።

«ምን ጠባሳ?»

«ፊቷ ላይ ያለው። የዳሽቦርዱ ስንጥቅ ታሪክ ከሆነ የሷ ምንድን ነው?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። ልጅ ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ትልልቅ ሰዎች የሚያወጡት ፈገግታ ነው፤ መልስ በሌለበት ቦታ የሚቀመጥ። «ስሚ የኔ ልጅ፣ ይኼ እኮ ክብር ለመስጠት ነው። ሴትን ልጅ በጠባሳ አናከብርም። ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ደስ እንዲለው እንፈልጋለን።»

«ያኛው ሰውዬ ግን አንድ ዓይን የለውም» አለች ፍላሽ በመስታወቱ ሥር ወዳሉት ባለ ጢሞች እያመለከተች።

«እሱ ጄኔራል ነው።»

«እሷም ሹፌር ናት።»

«ልጄ...»

«ጥርሷንም ሞልታችሁታል። ቴምብሩ እንደሆነ ጠርዙ ዙሪያውን ጥርስ በጥርስ ነው፤ አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል?»

ሰዓሊዋ በዚህ ጊዜ ሳቋን በሳል አልሸፈነችም። ወንበሯን ወደ ማያው መለሰች። «የመጀመሪያውን ሥዕል አላጠፋሁትም» አለች ማንንም ሳታይ። «ከሥሩ ነው ያለው። የጋረድኩት በላዩ ላይ ነው።» ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫነች።

እማማ ዘጠኝ ብቅ አለች። መነጽሯ፣ ሽቦው፣ የጎደለው ጥርስ፣ ከጉንጭ እስከ አገጭ የወረደው ጠባሳ። ሰዓሊዋ ጠባሳውን በጥንቃቄ ነበር የሣለችው፣ እጥፋት በእጥፋት፤ ብዙ ሰዓት የወሰደ ሥራ ነው። አያቷ ከማያው ውስጥ «ምን ሆናችሁ፣ ተሳፈሩ እንጂ!» ልትል ያለች ትመስላለች።

የፍላሽ እናት አንድ እርምጃ ወደ ማያው ተጠጋች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ የፍላሽ አጎት ነው። ጮኾ እስኪያበቃ ድረስ በእጇ ይዛው ቆመች፤ ከዚያ መልሳ ከተተችው።

«ዝጊው» አለ ኃላፊው ለሰዓሊዋ፣ በለሆሳስ። ሰዓሊዋ ግን እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ኃላፊው ወደ ፍላሽ ዞረ። ፈገግታው አሁን የለም። «እንግዲህ በግልጽ ልንገርሽ። ኮሚቴው ያጸደቀው ያንን ውብ ሥዕል ነው። ይኼኛውን ለኮሚቴ ባቀርበው እንኳ፣ ኮሚቴው ሰኞ አይቶ ‹አይሆንም› ሊል ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ማክሰኞ ይጀምራል። ያን ጊዜ አያትሽ የለችም፤ አበባ ነው የሚወጣው። አምስት ሴቶችና አንድ አበባ። ይኼን ነው የምትፈልጊው?»

ፍላሽ ዓይኗን ጨፈነች። አያቷን በከተማው ፖስታ ሁሉ ላይ ተለጥፋ አየቻት፤ ደብዳቤ ላይ፣ ጥቅል ላይ፣ በማታውቃቸው አገሮች። ወዲያው ደግሞ ባዶውን ቦታ አየች። የአጎቷን ባዶ ፍሬም። የሬዲዮን «ነግሬሽ ነበር»። መቼም ከአበባ ጋር መጣላት ከባድ ነው፤ አበባ ምን አደረገ?

ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው። ርዕሱ «የናሙና ማጽደቂያ» ይላል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ አጠገቧ «እስማማለሁ» ተጽፏል። ፍላሽ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው።

«ሌላው ሳጥን የታለ?»

«የቱ ሌላ?»

«አልስማማም የሚለው።»

ኃላፊው ግራ ተጋባ። በአሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «እንደሱ ያለ ሳጥን የለንም። ያልተስማማ ሰው... አይፈርምም፤ በቃ።»

«ካልፈረምኩ እኮ ያልመጣሁ ነው የሚመስለው።»

ከጠረጴዛው ላይ የኃላፊውን ማስመሪያና እስክሪብቶ አነሳች። እናቷን ዓይን ዓይኗን አላየቻትም። ከመጀመሪያዋ ሳጥን ጎን፣ እኩል በሆነ ርቀት፣ አራት መስመር አሠመረች። ሳጥኗ ከታተመችው ትንሽ ሰፋ አለች። አጠገቧ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አልስማማም» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ከሥሩ ጨመረች፦ «አውቶቡሱ እንደተስተካከለ ሹፌሯም ትስተካከል። ሥዕሉ ተሠርቶ አልቋል፤ ሰዓሊዋን ጠይቁ።» ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች።

«ይኼ እኮ...» አለ ኃላፊው። «ቅጹ ላይ መጻፍ... ይኼ የመንግሥት ቅጽ ነው!»

«ለኮሚቴው ይቅረብልኝ» አለች ፍላሽ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ቀጥኖ ወጣ፤ ግን ወጣ።

ኃላፊው ወደ እናቷ ዞረ። ፊቱ ላይ «እርስዎ እንኳን ይምከሯት» የሚል ልመና ነበር። «እመቤት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ካልፈረሙ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ ከፈረሙ ደግሞ...» ግንባሩን እንደገና ጠረገ። «አበባው መጥቶ ቢያርፍ ኋላ እንዳይቆጩ።»

እናቷ ወደ ማያው ዞረች። ማያው ላይ ያለችውን ሴት ለአፍታ ትኩር ብላ አየቻት፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ከሁለቱ እስክሪብቶዎች አንዱን አወጣች፣ ክዳኑን በጥርሷ ነቀለችና ከልጇ አጠገብ አጎነበሰች።

«የወላጅ የቱ ጋ ነው?» አለች።

ፍላሽ በጣቷ አሳየቻት።